የጨርቅ ነጋዴው ጉልበት

ሱሉልታ ውስጥ «ስፖርት» የሚለው ቃል ባለቤት አለው። ባለቤቶቹ ማለዳ በጭጋጉ ውስጥ ቱታቸውን ለብሰው፣ ተከታትለው፣ ሜዳውን ሽው እያሉ የሚያቋርጡት ሯጮች ናቸው። ሌላው ሰው ጋቢውን ደርቦ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። እኔም ሥራ ስገባ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ስንት ዓመት አይቻቸው አልጠገብኳቸውም። እግራቸው መሬቱን የሚነካ አይመስልም። ታዲያ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍሌ ቁጭ ብዬ አንዲትን እናት «ስፖርት ይሠራሉ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ምን ይሆናል? ሳቅ ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ቱታ ላጥልቅልሽ?» ያሉኝ አሉ።

ነርስ ነኝ። ሰበታም ቡራዩም ከሠራሁ በኋላ ተጨማሪ ተምሬ፣ ዛሬ እዚህ ጤና ጣቢያ በሽተኞቼን ራሴ መርምሬ፣ መድኃኒቱንም ራሴ አዝዤ እከታተላለሁ። ስንማር የሰው እንቅስቃሴ እንደ ደም ግፊቱ ሁሉ በየቀጠሮው መጠየቅ እንዳለበት ተነግሮናል። መጠየቁ ቀላል ነው፤ መከራው ትክክለኛ መልስ ማግኘቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ከጫንጮ ወዲህ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ መጡ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኋቸው። «ፈያ፣ ገለታ ዋቃ» ብለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። እንቅስቃሴ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ኧረ የለም ሲስተር፣ ጊዜው ከየት ይመጣል?» አሉ በቁም ነገር። ምርመራውን ጨርሰን ሊወጡ ሲሉ ዱላቸውን አንስተው፣ «በይ ልሂድ። ጠዋት ታክሲው አልሞላ ቢለኝ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ስመለስም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ስፖርት» የሚለውን ቃል ትቼ፣ «እስቲ ከጠዋት ጀምሮ ቀንዎን ይንገሩኝ» ማለት ጀመርኩ።

የጨርቅ ነጋዴው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መጡ ከማለት አመጧቸው ማለት ይሻላል። ትልቁ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዟል፤ ሁለተኛው በሩን ይከፍታል፤ ሦስተኛው ከኋላ ካፖርታቸውን ተሸክሟል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። «ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ» አሉ እሳቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዋናው መንገድ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። ስኳራቸው ከመድኃኒቱ ጋር እልህ ስለተጋባ ነው ወደ እኔ የተላኩት።

«እንዴት ነዎት አባባ? እግርዎን ያቃጥልዎታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አያቃጥላቸውም» አለ ትልቁ ልጅ።

«እንቅልፍስ?»

«ደህና ይተኛሉ።»

«ቁርስ ምን በሉ?»

«ጨጨብሳ፤ ትንሽ ነው የበሉት።»

ትዕግሥት ሲፈጥረኝም አልታደልኩ። «ወንድሜ፣ የአንተን ስኳር ሌላ ቀን እለካልሃለሁ፤ ዛሬ የአባትህ ተራ ነው» ብዬ ከነወንድሞቹ ወደ ውጭ ላክሁት። በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ከጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ።

ቀናቸውን ነገሩኝ። ከአልጋ እስከ መኪናው ልጆቹ ይደግፏቸዋል። ከመኪናው ወርደው ሱቁ ውስጥ ባለ ትራስ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሲጠማቸው ውሃው ይመጣል። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ማንቆርቆሪያውና ሳፋው እግራቸው ሥር ይቀርባል። ደንበኛ ሲገባ ልጆቹ ጨርቁን ከመደርደሪያ አውርደው ይዘረጋሉ፤ የእሳቸው ድርሻ «ይህ ይሻላታል፣ ያኛው ይለቃል» ማለት ብቻ ነው። ማታ በመኪና ይመለሳሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንደኔ በልጆቹ የተከበረ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አክብረዋቸዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ጉልበታቸውን ይስማሉ። ያንን ጉልበት ግን ሥራ አስፈትተውታል።

«ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ ዛሬ ግን ያቃተዎት ነገር ምንድን ነው?» አልኳቸው። ይህን ሁሉንም እጠይቃለሁ። አንዱ ገበያ መሄድ ይለኛል፣ ሌላዋ የልጅ ልጇን ማዘል። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ። የደበቁኝ ሕመም አለ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ሱጁድ» አሉ።

ሱጁድ በሶላት ጊዜ ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ ነው። ወርደው መነሳት ካቃታቸው ጀምሮ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጎንበስ እያሉ ብቻ ነው የሚሰግዱት።

«ለታመመ ሰውማ ወንበርም ይፈቀድ የለም እንዴ?» አልኩ ላጽናና ብዬ።

«ይፈቀዳል። ኢማሙም ነግሮኛል፤ አላህ ባሪያውን አያስጨንቅም። ግን ልጄ፣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግንባሬ መሬት ሳይነካ የዋለበት ቀን አልነበረም። አሁን ሰግጄ ስጨርስ ያልሰገድኩ ይመስለኛል።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ ዓይን፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ እግር የተነገራቸውን ማስፈራሪያ ሁሉ በጸጥታ የተቀበሉ ሰው፣ ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሳቸውን ሶላት አላውቀውም። ሆኖም አንድ ሰው መሬት ለመውረድ ይህን ያህል ሲጓጓ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ተነካ።

መረመርኳቸው። እግራቸው ላይ ቁስል የለም፤ ስሜቱም ደህና ነው። ልባቸውን እንዲታዩ እዚያው ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም ዘንድ ልኬ፣ «ቀስ ብለው ይንቀሳቀሱ» ተብለው ተመለሱ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ይንቋቋል እንጂ ይታጠፋል። በመጨረሻ፣ «እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሱ» አልኳቸው። ሞከሩ። ደግመው ሞከሩ፤ ፊታቸው ቀላ፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ አለ፣ እሳቸው ግን እዚያው ናቸው። ጭናቸውን ብነካው ልል ነው።

«አባባ፣ ጉልበትዎ ይህን ያህል አልተበላሸም። የሚያነሳዎት ሥጋ ነው ሥራ አጥቶ የሟሸሸው። እሱ ደግሞ ካሠሩት ይመለሳል» አልኳቸው።

«በኔ ዕድሜ?»

«በእርስዎ ዕድሜ።»

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ ከመጽሐፍ የማውቀውን ነበር የነገርኳቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሲሆን በዓይኔ አላየሁም ነበር።

ልጆቹን አስገብቼ አባታቸው በየቀኑ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው አስረዳሁ። ትልቁ ልጅ፣ «ችግር የለም ሲስተር፣ ከነገ ጀምሮ ስፖርት እናስጀምራቸዋለን» አለ። «ስፖርት» የምትለዋን ቃል ስሰማ ትንሽ ደንገጥ ብል ጥሩ ነበር፤ ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

በቀጠሮው ሲመለሱ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። «እንቅስቃሴውስ?» አልኩ። ልጁ ደረቱን ነፋ።

«አንድ ቀን አላቋረጥንም። በየማለዳው ሜዳው ድረስ እንወስዳቸዋለን።»

«በጣም ጥሩ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሯጮቹ በሚያልፉበት በኩል ወንበር እናወጣላቸዋለን። ብርድ እንዳይመታቸው ብርድ ልብስ እናለብሳቸዋለን፤ ሻይም በፔርሙዝ አለ። ልምምዱ እስኪያልቅ አይተው በመኪና እንመልሳቸዋለን።»

ወደ አባትየው ዞርኩ። «ወላሂ ልጄ» አሉ፣ «እነሱ ሲሮጡ እያየሁ እኔን ደከመኝ።»

በሥራ ቦታ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሳቸውም ሳቁ፤ ልጁ ብቻ ምኑ እንዳሳቀን ግራ ገብቶት አየን። እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን ንዴቴ መጣ። ከዚህ ክፍል ሆኜ ብመክር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብዬ፣ በገበያ ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሱቃቸው ሄድኩ።

ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ጨርቅ ነው። በሩ አጠገብ ቆሜ ማየት ያዝኩ። አንዲት ሴት ገብታ ለቀሚስ የሚሆን ጠየቀች። ሽማግሌው የድሮ ልማዳቸው ይሁን፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ከፍ ማለት ሲጀምሩ፣ ልጆቹ፣ ደንበኛዋ፣ ከውጭ የሚያልፈው ሰው ሳይቀር በአንድ አፍ «ኧረ አይነሱ! አይነሱ!» አሉ። ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ጊዜ በሽታውን በዓይኔ አየሁት። በክፋት አይደለም። ሽማግሌ ተነስቶ፣ ጎልማሳ ቆሞ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት፤ «አይነሱ» የምትለው ቃል ከኔም አፍ ልታመልጥ ምንም አልቀራትም ነበር።

ባለቤታቸው ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሸንቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ምንም የማያመልጠው እናት ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «እማማ፣ እኚህን ሰው በክብር ቁጭ አድርጋችሁ እየጨረሳችኋቸው ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን እናድርግ ሲስተርዬ? እሱ ተንጠራርቶ ጨርቅ ሲያወርድ ልጆቹ ቆመው ቢያዩ ሰው ምን ይላል? አባታቸውን ያንከራትታሉ አይልም?»

«ሐኪም አዝዞ ነው በሏቸው።»

አሰብ አደረጉና ፊታቸው በራ። «ሐኪም አዝዞ ነው» የሚለው በእኛ አገር የማይዘጋው አፍ የለም፤ ጾም ያስፈታል፣ ድግስ ያስቀራል።

የዚያኑ ዕለት ሥራ ጀመርን። ወንበራቸው ላይ የተጣጠፈ አቡጀዲ እየደራረብን ከፍ አደረግነው፤ ከከፍታ መነሳት ይቀላልና። ደንበኛ በገባ ቁጥር በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሳሉ፤ ጨርቁን ራሳቸው ያወርዳሉ፣ ራሳቸው ይዘረጋሉ። መነሳቱ ሲቀላቸው ባለቤታቸው ከሥር አንድ እጥፍ ያወጣሉ፤ መቀመጫው ዝቅ ይላል።

«እንዲህ ወርደን ወርደን የት ልንደርስ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«መሬት» አልኳቸው።

እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ። ባለቤታቸው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» ብለው ትራሱን አስተካከሉላቸው።

ለጥቂት ጊዜ መንገዱ አልጋ በአልጋ ሆነ። በዚያ በኩል ሳልፍ ከሱቁ ውስጥ «ሐኪም አዝዞ ነው! ሐኪም አዝዞ ነው!» የሚለው የልጆቹ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ግን አንድ የገበያ ቀን ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ከልክ በላይ ሲነሱ ሲቀመጡ ዋሉና በማግሥቱ አንዱ ጉልበታቸው አብጦ አደረ። ትልቁ ልጅ ወረፋውን ጥሶ ክፍሌ ገባ።

«ሲስተር፣ አባታችንን ልትገድይብን ነው እንዴ?»

ሄጄ አየኋቸው። የተሰበረ የለም፣ ትኩሳት የለም፤ በዝቶባቸው ነው። ትንሽ አርፈው፣ ቀስ ብለው እንዲቀጥሉ ነገርኳቸው። ልጁ፣ «የምን መቀጠል! ከእንግዲህ አይነሱም፤ በቃ» አለ። እኔም የምመልሰው አላጣሁም፤ በማይሆን ቃል ተለያየን። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ለመውሰድ የሚመጣው እሱ ብቻ ሆነ። በባጃጅ ሳልፍ ሽማግሌውን ወንበራቸው ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አያቸዋለሁ። እንደሚሆን ነግሬያቸው፣ አስጎምጅቼ የተውኳቸው መሰለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ባለቤታቸው ለራሳቸው ደም ግፊት ብለው ብቻቸውን መጡ። በሩን ዘጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ትልቁ ልጅ ጠዋት ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ይሄድ የለ?»

«አዎ?»

«እሱ ሲወጣ እኛ ጓዳ እንገባለን። እብጠቱ ከወረደ ጀምሮ አላቋረጥንም። አቡጀዲውን ከወንበሩ ወደ ወለል አውርጄዋለሁ፤ እሱ ላይ እየተንበረከከ ይነሳል፤ አሁን ጥቂት እጥፍ ነው የቀረን።»

አላመንኳቸውም። እውነቴን ነው፤ በደግነታቸው ሊያጽናኑኝ ያሉት መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌውን ይዘው መጡ፤ እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበሬ ተነሱ። ተቀመጡ። ደግመው ተነሱ። ጭናቸው ላይ እጄን ሳሳርፍ ያ ልል የነበረ ሥጋ ከእጄ ሥር ጠጠረ። ስኳሩም ወርዷል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ስንቱን ሰው መክሬበታለሁ፤ ከእጄ ሥር ሲሆን ግን ሰውነቴን ወረረኝ። ይህን ነገር በሰው ገላ ውስጥ ማን አስቀመጠው? ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ሥጋ፣ ዓመታት ረስተውት፣ ንቀውት፣ ቁጭ አድርገውት፣ አንድ ቀን ሲጠሩት ሳያኮርፍ አቤት ይላል። ሰው እንኳ እንዲህ ይቅር አይልም። ጭናቸውን እንደያዝኩ ቆየሁ፤ እሳቸው ደግሞ በኔ መደንገጥ ተደነቁ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ስልክ ደወሉ። «ዛሬ ለዐስር ሶላት መሬት ልወርድ ነው ብሏል። ቢያዞረው ማን ያውቃል፤ አጠገቡ ብትሆኚ» አሉኝ። ሥራ አስረክቤ በረርኩ።

ሱቁ ስደርስ ትልቁ ልጅ እዚያ ነበር። መስጊድ ሰግዶ መመለሱ ነው፤ ስለ ነገሩ ምንም አያውቅም። እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ባለቤታቸው ግን፣ «ይሁን፣ እሱም ይየው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጓዳው ውስጥ ምንጣፉ ተነጥፏል። ሽማግሌው ውዱእ አድርገው፣ ክንዳቸው ላይ ውሃው ሳይደርቅ፣ በራሳቸው እግር መጥተው ምንጣፉ ላይ ቆሙ።

«አባ፣ ወንበሩስ?» አለ ልጁ።

«አላሁ አክበር» አሉ እሳቸው፤ ሶላት ገቡ።

ቆሙ፤ አጎነበሱ፤ ቀና አሉ። ከዚያ መውረድ ጀመሩ። አንድ ጉልበት፣ ቆየት ብሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ መዳፎቻቸው፣ ከዚያ ግንባራቸው። ሲነሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተደግፈው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቆሙ። እኔ ነጠላዬን እንደ እርጥብ ልብስ እየጠመዘዝኩ ነበር። ወረዱ፣ ተነሱ፤ እንደገና ወረዱ፣ ተነሱ። ሙያዬንም ሃይማኖቴንም ረስቼ፣ የማይቻል ነገር ሲቻል እንደሚያይ ሰው አፈጠጥኩ።

በመጨረሻው ሱጁድ ወርደው ቀሩ።

ጠበቅን። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ጫንጮ! ጫንጮ!» እያለ ይጣራል። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ስኳራቸው ወርዶ ይሆን? ልባቸው ይሆን? ዓይኔን ጀርባቸው ላይ ተክዬ ትንፋሻቸውን ፈለግሁ፤ ሸሚዛቸው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይተነፍሳሉ። ልጁ ግን አላስቻለውም፤ ሊያነሳቸው ዘሎ ሲሄድ እናቱ ከኋላ ኮቱን ጨምድደው ያዙት። «ንክች እንዳታደርገው!» አሉት በሹክሹክታ። ልጁ ጎልማሳነቱን ትቶ እዚያው ቆሞ ማልቀስ ጀመረ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሽማግሌው ቀና አሉ። ተቀምጠው ጨረሱ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሰላምታ ሰጡ። ልጁ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ትከሻቸውን ያዘ።

«አባ፣ ምነው? መነሳት አቅቶዎት ነው?»

ግንባራቸው ላይ የምንጣፉ ክር ምልክት ወጥቷል፤ ጢማቸው በእንባ ርሷል። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«አላቃተኝም» አሉ። «ናፍቆኝ ነው።»